ስንት ሠራችሁ ወይስ ምን ፈታችሁ? ለጎንደር ፈጠራ የሚበጀውን ግብ ለመምረጥ

ግንቦት ሲጋመስ ጎንደር ውስጥ በየቢሮው የሚሰማው ነገር አንድ ነው። «ዘንድሮ ስንት ሠራን? ለመጪው ዓመትስ ስንት ይያዝ?» ዕቅዱ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ክፍለ ከተማና ወደ ኮሌጅ ይወርዳል። ሲወርድ ደግሞ እየከበደ ነው፤ በየደረጃው ያለው ኃላፊ ከታች የሚጎድለውን እያሰበ ለመጠባበቂያ ትንሽ ይጨምርበታል። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ የሚደርሰው ባለሙያ የሚያየው አንድ ቁጥር ነው። ዓመቱን ሙሉ ምን እንደሚሠራ የሚወስንለትም እሱ ነው።

የቁጥሩ መጠን ላይ ሁሌም እንከራከራለን። በዛ፣ አነሰ፣ ተለጠጠ። ምን እየተቆጠረ እንደሆነ ግን ብዙም አንነጋገርም። እኔ ዋናው እሱ ነው ባይ ነኝ።

መንግሥት ለፈጠራ የሚያወጣቸው ግቦች በጥቅሉ አራት ዓይነት ናቸው። ስንት ተሠራ የሚል፣ ስንት ብር ተመደበ የሚል፣ የት ይሠራ የሚል፣ የትኛው ችግር ይፈታ የሚል። አራቱም ሰው ያንቀሳቅሳሉ፤ የሚወስዱት ግን ወደተለያየ ቦታ ነው። ይህን የጻፍኩት ለሦስት ዓይነት ሰው ነው፦ ዕቅድ ለሚያዘጋጅ ባለሙያ፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በኮሌጅ ለሚያስተምርና ለሚመራመር፣ እንዲሁም ሼድ ውስጥ ወይም ጓሮው ውስጥ የሆነ ነገር እየገጣጠመ «የቱን ቢሮ ላንኳኳ?» ለሚል ፈጣሪ። የእኔን ምርጫ ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል። እንደ ጎንደር ላለ ከተማ የችግር ግብ ይቅደም፣ ገንዘቡ ተከትሎት ይምጣ፣ ቁጥር ለክትትል ብቻ ይቀመጥ። የቦታ ግብ ላይ ጥርጣሬ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ።

የቁጥር ግብ

የምናውቀው ይህን ነው። በዓመቱ ይህን ያህል ቴክኖሎጂ ይቀዳል፣ ይህን ያህል ኢንተርፕራይዝ ይደራጃል፣ ይህን ያህል ወጣት ይሠለጥናል፣ ይህን ያህል ጥናት ይታተማል። ለመጻፍ ይቀላል፣ ለመገምገም ይቀላል፣ «110 በመቶ ተከናውኗል» ለማለትም ይመቻል።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ውሰዱ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ኮሌጆቹ ማሠልጠን ብቻ ሳይሆን የቴክኖሎጂ ማሸጋገሪያ ማዕከል እንዲሆኑ ፈለገ። አካሄዱ ግልጽ ነበር። አሠልጣኙ ሌላ ቦታ የሚሠራ ማሽን ይመርጣል፣ ይቀዳል፣ ናሙናውን ሠርቶ ይፈትሻል፣ ለአንድ ኢንተርፕራይዝ ያሸጋግራል፣ ኢንተርፕራይዙ አባዝቶ ይሸጣል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ጃፓንም ኮሪያም ከመቅዳት ነው የጀመሩት። ችግሩ ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት ለመቁጠር የሚቀለው የመጀመሪያው ቀለበት መሆኑ ነው። ናሙናው ይሠራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ኤግዚቢሽን ላይ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። ማነው የገዛው? አንድ ገበሬ ደንቢያ ውስጥ ሁለተኛ ዓመት ተጠቀመበት ወይ? ይህ ብዙ ጊዜ በቅጹ ላይ መሙያ ቦታ የለውም። አሠልጣኙን አትውቀሱት፤ የተለካበትን ነው የሠራው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ቻይና በ12ኛው የአምስት ዓመት ዕቅዷ (እ.ኤ.አ. 2011–2015) ለ10,000 ሰው 3.3 የፈጠራ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) እንዲደርስ ግብ ያዘች። ክፍለ ሀገሮችና ከተሞች እርስ በርስ እየተሽቀዳደሙ ለፓተንት አመልካች ድጎማ ሰጡ። በ2015 ቁጥሩ 6.3 ደረሰ፤ ከግቡ ዕጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በወረቀት ድል ነው። ነገር ግን ድጎማ ለማግኘት ብቻ የተጻፈ፣ ማንም ሥራ ላይ የማያውለው ፓተንት ተከመረ። በ2021 የአገሪቱ የአእምሯዊ ንብረት አስተዳደር ለማመልከቻ የሚሰጠው ድጎማ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እንዲቆም፣ የቀረውም እስከ 2025 እንዲቋረጥ አዘዘ። በ14ኛው ዕቅድ ላይ ግቡ ራሱ ተለወጠና «ከፍተኛ ዋጋ ያለው» የሚባለው ፓተንት ብቻ እንዲቆጠር ተደረገ። ያን ሁሉ ብርና አቅም የያዘ መንግሥት እንኳ ቁጥሩን አግኝቶ የፈለገውን ነገር አጣ ማለት ነው።

ወደ ማሳችን እንመለስ። ጤፍን በመስመር መዝራት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የመጣ ትልቅ ዘመቻ ነበር። ምክሩ በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ የሚበተነውን ዘር ወደ 3 እስከ 5 ኪሎ አውርዶ በመስመር መዝራት ነው። ተክሉ አየርና ብርሃን ያገኛል፣ አገዳው ይጠነክራል፣ ለአረም ይመቻል። ሳይንሱ ልክ ነው። ግን ግቡ የወረደው በመስመር በተዘራ ሄክታርና በተሳተፈ ገበሬ ብዛት ነበር። የጤፍ ዘር ደግሞ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በእጅ እየቆነጠሩ በመስመር ማፍሰስ የሚበላው ጉልበትና ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ነው፣ ያውም ዝናቡ ሳያልፍ። ብዙ ገበሬ ለልማት ሠራተኛው ዓይን ጥቂት ጥማድ በመስመር ዘርቶ የቀረውን እንደ አባቱ በተነው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት «በሰው ጉልበት ላይ ሳይጨምር በመስመር የሚዘራ ነገር ማን ይሠራልናል?» የሚለው ነበር። ያ ጥያቄ የመጣው በኋላ ነው። ግቡ ከመነሻው የጉልበቱን ችግር ቢይዝ ኖሮ መዝሪያ ማሽን የሚሠራው ልጅ ከዘመቻው በፊት ይጠራ ነበር።

ቁጥር ሁሌ ያበላሻል ማለቴ ግን አይደለም። የሚቆጠረው ነገር ራሱ የሚፈለገው ነገር ሲሆን ቁጥር ተአምር ይሠራል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሠራተኞች አሠልጥኖ በየቀበሌው ሁለት ሁለት እያደረገ መድቧል። ክትባት ያልደረሰው ልጅ ሲከተብ ያ ልጅ ተከተበ ማለት ነው፤ መሀል ላይ የሚጠፋ ቀለበት የለም። ኢትዮጵያ የሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነስ የምዕተ ዓመት ግቧን ከቀነ ገደቡ ቀድማ ያሳካችው እንዲህ ባሉ ሥራዎች ነው። ፈጠራ ግን ክትባት አይደለም። መቶ የማይረቡ ናሙናዎች ተደምረው አንድ የሚረባ ማሽን አይወጣቸውም።

መሀል ላይ የሚቀመጡም አሉ። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በግልጽ የቁጥር ግብ ነው፤ በሦስት ዓመት አምስት ሚሊዮን ሰው፣ በዌብ ፕሮግራሚንግ፣ በአንድሮይድ፣ በዳታ ሳይንስና በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት። ነፃ ነው፣ ውሰዱት፣ አትግደርደሩ። ግቡ ሰርተፍኬት ስለሚቆጥር ግን ከሰርተፍኬቱ በኋላ ያለውን መንገድ ራሳችሁ ማበጀት አለባችሁ። በእኛ ክልል ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር አትርሱ። እንዲህ ያለ ከተማና ያልተቋረጠበት ከተማ እኩል ኮታ ቢሰጣቸው ልዩነቱ የትጋት ልዩነት ተደርጎ መነበብ የለበትም።

ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ ስለ ጥናት ብዛት አንድ ቃል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የተልዕኮ ልየታ ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሆኗል። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ሲባል የኅትመት ቁጥር ይከተላል፤ የደረጃ ዕድገትም በኅትመት ነው። ይህ ጥሩ ጥናትም ያመጣል፣ ገንዘብ ከፍለህ በሳምንት የሚያወጣልህን ጆርናልም ይጋብዛል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚገቡት።

የበጀት ድርሻ ግብ

ይህኛው «ከአገራዊ ምርቱ ይህን ያህል በመቶ ለምርምር» የሚል ነው። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች 1 በመቶ ብለዋል። የእኛ የ2004ቱ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ 1.5 በመቶ ብሏል። የዩኔስኮ አኃዝ የሚያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 0.61 በመቶ ከፍ ብሎ በ2017 ወደ 0.27 መውረዱን ነው። አውሮፓም ቢሆን ከዚህ አላመለጠችም። እ.ኤ.አ. በ2002 ባርሴሎና ላይ በ2010 3 በመቶ እንደርሳለን አሉ፤ ዛሬም ኅብረቱ በአማካይ ከ2 በመቶ እምብዛም አልራቀም።

የዚህ ግብ ጥሩ ጎኑ ሐቀኝነቱ ነው። ብር ተመድቧል ወይም አልተመደበም፤ በፎቶ አይሸፈንም። ለክልል ከተማ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ በመቶኛ የተጻፈ አገራዊ ግብ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አይናገርም። ማንም ካልጠየቀ ደግሞ ገንዘብ ቀድሞ ላብራቶሪና ሰው ወዳለበት፣ ማለትም ወደ ዋና ከተማ ይፈስሳል። ሁለተኛው ይብሳል። በጀት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ምርምር ግን በጀት ዓመት አያውቅም። ግዢው ተጓትቶ ኬሚካሉ የውጭ ምንዛሪ ሲጠብቅ ዓመቱ ያልቃል፤ ያልተሠራበት ብር ተመላሽ እንዳይሆን ሰኔ ላይ ላፕቶፕና ወንበር ይገዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ነው። ዕቅድ የምትጽፉ ሰዎች የበጀት ድርሻ ስትጠይቁ ከመቶኛው ይልቅ «ለሦስት ዓመት የማይቋረጥ» የሚለውን ብታስገቡ ይሻላችኋል። ትንሽ ብር ለሦስት ዓመት፣ ብዙ ብር ለዘጠኝ ወር ከሚሆን ይበልጣል።

የቦታ ግብ

የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቴክኖሎጂ መንደር፣ የልህቀት ማዕከል። «በዚህ ክልል አንድ ይገንባ» የሚል ግብ። ሐዋሳ በ2008 መጨረሻ፣ ኮምቦልቻ በ2009 መጨረሻ ተመረቁ፤ ባሕር ዳር፣ ደብረ ብርሃን፣ ለግብርና ማቀነባበሪያ ደግሞ ቡሬ ተከተሉ። ጎንደሬ ሁሉ ይህን ዝርዝር ሲሰማ «የእኛስ?» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ጥያቄው ግን ትክክለኛው ጥያቄ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ፓርክ ሥራ ያመጣል፣ ይህን ማንም አይክድም። ፈጠራን ወደ አካባቢው ማሻገሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጨርቁ፣ ማሽኑ፣ ንድፉና ገዢው ሁሉ ከውጭ ከሆነ የአካባቢው መካኒክ ወደ አጥሩ የሚያስገባው ምክንያት የለውም። ሐዋሳ ላይ ምን ያህል ከውጭ ጋር ብቻ እንደታሰረ የታየው አሜሪካ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መሸጥ ከሚያስችለው ዕድል፣ ስታስወጣ ነው፤ ዋና ተከራዩ ከዚያ አስቀድሞ ለቆ ወጣ፣ ሌሎችም ትዕዛዝ ቀነሰባቸው።

አሁን ፎገራን ተመልከቱ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ አዲስ ዘመንን አልፋችሁ የምትገቡበት ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ በየክረምቱ የሚያጥለቀልቁት መሬት ስለነበር ለብዙ ሰብል አይመችም ይባል ነበር። በደርግ ዘመን በአምራች ገበሬዎች ማኅበራት በኩል፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ሩዝ ገባ። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን ቀረ። ገበሬው ከቀበሌው ስም ጋር አያይዞ «ኤክስ-ጅግና» የተባለውን ዝርያ ከማሳ ማሳ አዛመተው። ሴቶቹ ከጤፍ ጋር ደባልቀው እንጀራ አደረጉት፣ ወረታ ላይ መፈልፈያው በየመንገዱ ተተከለ፣ ነጋዴው ተከተለ። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ የተቋቋመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መንግሥት ቦታ መምረጥ ካለበት እንዲህ ይምረጥ፦ ቀድሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ያለበትን።

ስለዚህ የጎንደር ጥያቄ «ፓርክ ይሠራልን» ከሚሆን «እዚህ ምን እየተንቀሳቀሰ ነው?» ቢሆን ይመረጣል። ያለው ጥቂት አይደለም። የሕክምና ትምህርት ቤትና ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል አለ። የክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ማዕከል አለ። የቢራና የብቅል ፋብሪካ አለ፤ ገብስ ይፈልጋሉ። ከመተማና ከቋራ የሚመጣው ሰሊጥ አለ። አዘዞ ላይ ጋራዡና ብረት ቤቱ አለ። ወለቃ ላይ ሸክላ አለ። ፋሲል ግቢን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ አለ። እነዚህን የሚያገናኝ ጥናት ከአንድ አዲስ አጥር ይረክሳል።

እንግሊዞች በ2022 (እ.ኤ.አ.) የተለየ የቦታ ግብ ሞክረዋል። ሕንፃ ይሠራ አላሉም፤ ከለንደንና ከአካባቢዋ ውጭ የሚውለው የመንግሥት የምርምር ገንዘብ እስከ 2030 ቢያንስ በ40 በመቶ ይደግ አሉ። ቦታንና ገንዘብን ያጋባ ግብ ነው፤ እኛም አገር «ከአዲስ አበባ ውጭ» የሚል አምድ በበጀት ሠንጠረዡ ላይ ቢጨመር ብዙ የሚያሳየን ነገር ይኖራል።

የችግር ግብ

ይህ ነው የእኔ ምርጫ፤ ምክንያቴም እዚሁ ጎንደር ነው ያለው።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ተከፈተ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የደንቢያን ሜዳ ወባ ፈጅቶት ነበር። ኮሌጁ ሲጀምር ዶክተር እናፍራ አላለም። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ በአንድ ቡድን እያሠለጠነ በየጤና ጣቢያው እንዲላኩ አደረገ፣ ምክንያቱም ችግሩ ሐኪም የማያይ ገጠር ነበር። የቡድን ሥልጠናው ዘዴ ራሱ ፈጠራ ነው፤ ችግሩ የወለደው።

ሁለተኛው ምሳሌ ካላዛር ነው። በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የግራር ጥላ ሥር ይተኛል፤ የተሰነጣጠቀው ጥቁር መሬት ውስጥ ያለችው የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሽታው ሊቦ ከምከም ድረስ ወጥቶ ወረርሽኝ አስነሥቷል። ካልታከመ ይገድላል፤ የድሮው ሕክምና ደግሞ 30 ቀን መርፌ ነበር። ለቀን ሠራተኛ 30 ቀን መተኛት ማለት የወቅቱ ገቢ ሙሉ በሙሉ መቅረት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የሌሽማኒያሲስ (ካላዛር የሚመደብበት የበሽታ ዓይነት) ማዕከል ከምሥራቅ አፍሪካ አጋሮቹ ጋር የተሳተፈበት ሙከራ ሁለት መድኃኒት በማጣመር ወደ 17 ቀን አወረደው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም በ2010 (እ.ኤ.አ.) መከሩት። ከዚያ የባሰው ደግሞ ካላዛርና ኤችአይቪ አንድ ላይ ያለበት ሕመምተኛ ነበር። ለእርሱ ጎንደርና አብደራፊ ላይ የተደረገው ሙከራ የድርጅቱ የ2022 መመሪያ እንዲለወጥ መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ግቡን የጻፈው የእኛ መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ ዓለም አቀፍ አጋሮች አሉበት። ግቡ የተጻፈበትን መንገድ ግን ልብ በሉ፦ «የሚያጥር፣ የማይመርዝ፣ ቆላ ላይ የሚሰጥ ሕክምና»። ስንት ጽሑፍ ይውጣ አላለም። ጽሑፉ ግን ወጣ፣ ያውም ዓለም የሚያነበው። ሐኪሙ፣ ላብራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ ነርሱ ሁሉም አንድ ነገር ላይ ዓይናቸውን ስላደረጉ።

አሁን የዚህኛውን ደካማ ጎን ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። ጣና ላይ እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ተመዘገበ። ችግሩን የማያውቅ የለም፤ ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ዳር ዳሩን ተሸፈኑ። ዩኒቨርሲቲው፣ የግል ፈጣሪው፣ ዲያስፖራው ሁሉ ተነሣ። ማሽን ተሠራ፣ ማሽን ከውጭ ገባ፣ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። የፈጠራ መነቃቃቱ እውነተኛ ነበር። ግን ሪፖርቱ የሚጠይቀው በዚህ ዘመቻ ስንት ሄክታር ፀዳ የሚለውን ሆነ። እምቦጭ ደግሞ በሳምንታት ዕጥፍ የሚሆን አረም ነው፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ያፀዳኸው ሄክታር ክረምት ሲመጣ ይመለሳል፣ የፀዳው ግን ዓምና በሪፖርት ገብቷል። ከማሳው ወደ ሐይቁ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ደግሞ የማንም ዕቅድ ውስጥ ዋና ነገር አልሆነም። የችግር ግብ እንዲህ ነው ተመልሶ የቁጥር ግብ የሚሆነው፤ ከችግሩ ስንት ቀረ የሚለው ጥያቄ ወደ እኛ ስንት ሠራን ሲለወጥ።

ስለዚህ የችግር ግብ ስትጽፉ መለኪያው ችግሩ ላይ እንጂ ድካማችሁ ላይ አይሁን። «በመስከረም ሐይቁ ላይ ያለው አረም ካለፈው መስከረም ምን ያህል አነሰ?» ይህን መዋሸት ከባድ ነው፤ ከዳር ቆሞ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል።

ጥብቅ ወይስ ልል?

አጭር ነገር ነው፣ ግን አይዘለልም። ቻይና ውስጥ ማዕከሉ 7 በመቶ ዕድገት ሲል ክፍለ ሀገሩ ከዚያ ከፍ ያደርጋል፣ ከተማው ደግሞ ከዚያም ከፍ ያደርጋል። ከፍ ያለ የዕድገት ግብ የያዘ ከንቲባ በሁለት ዓመት የሚታይ መንገድና ሕንፃ ይመርጣል፤ አሥር ዓመት የሚፈጅ ምርምር ለእርሱ ሹመት አይደርስም። ይህን አይተው ይመስለኛል ሻንጋዮች በ2015 (እ.ኤ.አ.) የዕድገት ቁጥር ግባቸውን የተዉት፤ ማዕከሉም በ2016 ከአንድ ቁጥር ይልቅ ከ6.5 እስከ 7 የሚል ወሰን ያዘ። ለእኛም ያው ነው። ውጤቱ በማይታወቅ ሥራ ላይ፣ ምርምርም ሆነ አዲስ ማሽን፣ «ቢያንስ» ከሚል ጥብቅ ቁጥር ይልቅ ከዚህ እስከዚህ የሚል ወሰን ያዙ። ጥብቅ መሆን ያለበት ቀድሞ በሚታወቅ ነገር ላይ ነው፤ ብሩ በጊዜው ይለቀቅ፣ ሼዱ መብራት ይግባለት።

እናንተስ የቱን ትይዛላችሁ?

ዕቅድ የምትጽፉ ከሆነ ከላይ የመጣውን ቁጥር መሰረዝ እንደማትችሉ አውቃለሁ። ማድረግ የምትችሉት ከሥሩ አንድ መስመር መጨመር ነው። «12 ቴክኖሎጂ ይቀዳል» ከተባለ ከጎኑ «ከነዚህ ውስጥ ዓምና የተሸጋገሩት ስንቶቹ ዘንድሮም እየተሸጡ ነው?» ብላችሁ ጻፉ። ከአሥራ ሁለቱ ስምንቱን አንድ ችግር ላይ አድርጓቸው፤ ለምሳሌ የሰሊጥ አጨዳ ሲዘገይ ማሳ ላይ የሚረግፈው ምርት። ኮታውም ይሞላል፣ ስምንት ሰው አንድ ነገር ላይ ከተረባረበም የሆነ ነገር ይወጣል።

መምህር ወይም ተመራማሪ ከሆናችሁ የኅትመት ቁጥሩን አትሽሹት፣ እንጀራችሁ ነው። ርዕስ ስትመርጡ ግን ከጎንደር ሌላ ቦታ የማይሠራውን ምረጡ። የካላዛር ሰዎች ያሸነፉት ሕመምተኛው እነሱ ጋ ስለነበረ ነው፤ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሌላቸው ነገር ያ ነው። ሽምብራው፣ ሰሊጡ፣ የቆላው በሽታ፣ የድንጋይና የኖራ ሕንፃ ጥገናው፣ ሁሉም እናንተው ደጅ ላይ ነው ያለው።

ፈጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ ቢሮ ከማንኳኳታችሁ በፊት ያ ቢሮ በምን እንደሚገመገም ጠይቁ። አያፍሩም፣ ይነግሯችኋል። በቁጥር የሚገመገም ከሆነ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሂዱ፤ ሪፖርት የሚሞላላቸው ሲፈልጉ እጃቸውን ዘርግተው ነው የሚቀበሏችሁ፤ ሰርተፍኬትና የኤግዚቢሽን ጠረጴዛ ይገኛል። ከዚያ በላይ ግን አትጠብቁ። የሥራ ዕድል ብዛት የሚቆጥር ከሆነ ብቻችሁን ሳይሆን ተደራጅታችሁ ሂዱ፤ ሼድና ብድር የሚገኘው በዚያ ነው፤ ነገር ግን ፈጠራው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ሳትስማሙ ከማንም ጋር አትደራጁ። የችግር ግብ ያለው ተቋም ካገኛችሁ፣ ሆስፒታልም ይሁን የምርምር ማዕከል ወይም ገብስ የሚፈልግ ፋብሪካ፣ ቀስ ቢልም ከእሱ ጋር ቆዩ፤ ገዢያችሁ እሱው ነው።

ኤግዚቢሽን ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የባለቤትነት ማመልከቻ አስገቡ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት 15 ዓመት ሆኖ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል፤ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው ማረጋገጫ ደግሞ 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። ያለውን ማሽን አሻሽላችሁ ከሆነ የሚመቻችሁ ሁለተኛው ነው፤ መስፈርቱም ይቀላል። ሜዳሊያው ላይ ብዙ አትዘግዩ፤ የጎበኘውን ሰው ሁሉ «በስንት ብሸጥልህ ትገዛኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ከነስልኩ ጻፉት።